ባዶ ውኃ የለም

ባለፈው ሚያዝያ፣ የበልጉ ዝናብ የሮቤን መንገድ ጭቃ በጭቃ ባደረገበት አንድ ምሽት፣ ከሥራ ወጥቼ ከወዳጆቼ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የሚያንስ፣ ማኅበር አቋቁሞ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ አንድ ጎበዝ ሐሳቡን ዘረጋልን። «ሳነቲ ላይ ያለው ውኃ ሁሉ ባዶውን ተኝቷል» አለ። «ከወይብ ወይም ከዳንካ የትራውት ጫጩት በጀሪካን ተሸክመን ወጥተን እንጨምርበት። በጥቂት ዓመት ውስጥ ፈረንጁ መንጠቆውን ይዞ ይመጣል፤ እኛም እንጀራ እናገኛለን።» የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። «ይህማ ልማት ነው» ያለም ነበር።

እኔ ዝም አልኩ። የምለው አጥቼ አልነበረም፤ አፌን የያዘው የቆየ ዕዳ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ባንክ እንደ ተቀጠርኩ፣ ጎባ ላይ በተዘጋጀ አንድ የግጥም ምሽት ስለ ትራውት የጻፍኩትን አንብቤ ነበር። «ባዶ የነበረው ወንዝ ነፍስ ዘራ» የሚል ስንኝ ነበረበት። ተጨበጨበልኝ፤ ደስም አለኝ። ልጁ ያን ምሽት በአዳራሹ ይኑር አይኑር አላውቅም። «ባዶ» የምትለዋን ቃል ሲናገር ግን ከእኔ አፍ ወስዶ የተናገራት ያህል ደነገጥኩ። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በዚያ ምሽት ልሰጠው ይገባኝ የነበረ መልስ ነው፤ ለራሴም ስንኝ ማረሚያ ይሁንልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ዓሣው እንነጋገር። ትራውት የባሌ ተወላጅ አይደለም፤ ከሰሐራ በታች ያለው የአፍሪካ ምድርም አላበቀለውም። ቡናማው ትራውት የአውሮፓ፣ ቀስተ ደመናው ትራውት ደግሞ በዋናነት የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ልጅ ነው። ሁለቱም ከሳልሞን ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለና ፈጥኖ የሚወርድ ውኃ ይወዳሉ፤ እንቁላላቸውንም በጠጠር መካከል ይቀብራሉ። እንግሊዞች ኬንያን በያዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ገደማ፣ የቡናማውን ትራውት ዘር ከስኮትላንድ አስመጥተው በአበርዴር ተራሮች ወንዞች ውስጥ ለቀቁት። ያስመጡት ርቧቸው አልነበረም፤ የአገራቸው የዕረፍት ቀን ጨዋታ ናፍቋቸው ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግድም ከኬንያ የመጣ ትራውት በእኛ ደጋ ወንዞች፣ በወይብ፣ በዳንካና በሻያ ተለቀቀ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተበት ዘመንም ያው ነው። ዓሣው የመጣው ለእንግዳ መዝናኛ ነበር። እስከ ዛሬም ለጎብኚ በሚጻፉ መምሪያዎች ውስጥ ከቀይ ቀበሮውና ከደጋ አጋዘኑ ቀጥሎ «የትራውት ማጥመድ» የሚል መስመር አይጠፋም።

እንግዲህ የሦስት አገር ታሪክ አንድ ቃል ያገናኘዋል፤ ያም «ባዶ» ነው። በአበርዴር የለቀቁት ወንዙን ባዶ ነው ብለው፤ በዳንካ የለቀቁት ባዶ ነው ብለው። እኔም በግጥሜ ያንኑ ደገምኩ። ይህ ወጣት ወንድሜ ደግሞ ሳነቲን ባዶ አለው።

ለመሆኑ ባዶ ነበር?

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቲን አቋርጦ ያልፋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው፤ በላዩ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ተቀምጧል። ከመኪና መስኮት ሆኖ ለሚያይ ሰው ጅብራና ድንጋይ፣ በድንጋዩም መካከል ብልጭ ብልጭ የሚሉ ኩሬዎች ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ጥልቀት የላቸውም፤ በዝናብ ሞልተው በበጋ የሚጎድሉ፣ አንዳንዶቹም የሚደርቁ ናቸው። ነገር ግን ወርዶ፣ ነፋሱን ታግሦ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ሌላ ነገር ነው። በዳርቻው በአገራችን ደጋ ብቻ የምትገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ትግጣለች። ቀይ ዳክዬ ከሰሐራ በታች የምትራባበት የታወቀው ስፍራ ይኸው የባሌ ደጋ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ዳክዬዎችም እዚሁ ያርፋሉ። እነዚህ ሁሉ የሚመገቡት ከምንድን ነው? ውኃው ውስጥ ካለው ሣር፣ ከነፍሳት እጭና ከትንንሽ ፍጥረታት አይደለምን? ባዶ ማዕድ ላይ እንግዳ አይሰበሰብም።

ከዚያው ደጋ ላይ ጋርባ ጉራቻ የሚባል ሐይቅ አለ። ተመራማሪዎች ከሥሩ ያወጡት ደለል ከ15,000 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ ተጽፎበት ተገኝቷል፤ የበረዶው መቅለጥ፣ የአስታው መስፋፋትና መሸሽ፣ የእሳቱ ዘመን፣ ሁሉም በየተራው ተደርድሮ። ልጁ «ባዶውን ተኝቷል» ካላቸው ውኃዎች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በባሌ ተራሮች እንጂ በሌላ በየትም የዓለም ክፍል የማትገኝ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት አለች። ርዝመቷ ከሦስት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ደኑን ሰንጥቀው በሚወርዱ ትንንሽ ፈጣን ጅረቶች ዳር ትኖራለች። የሳይንስ ስሟ ኤሪካባትራኩስ ባሌኤንሲስ ይባላል፤ ከአስታና ከባሌ የተቀዳ ስም ነው። በወገኗ ብቸኛ ናት፤ እህት የላትም። ዛሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ተርታ ተመዝግባለች። ይህች እንቁራሪት ለሳይንስ ታውቃ ስም የወጣላት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ1991። የማልኮልም ጉርጥ የምትባለውስ፣ እርሷም የእነዚህ ተራሮች ልጅ፣ ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ቀኖቹን ደርድሯቸው። ትራውቱ በወንዞቻችን ሲለቀቅ ሁለቱም ገና ስም አልነበራቸውም። ወንዙን «ባዶ» ያለው ሰው ውሸታም አልነበረም፤ አላየም ነበር። ነገር ግን ስም ያልወጣለት ነገር የለም ማለት ከሆነ፣ ሕፃን ሁሉ ክርስትና እስኪነሣ ወይም ስም እስኪወጣለት ድረስ አልተወለደም ማለት ነው።

ትራውት አዳኝ ዓሣ ነው። የነፍሳት እጭ፣ ትል፣ የእንቁራሪት እጭ፣ ትንንሽ ዓሣ፣ ከአፉ የገባውን ሁሉ ይበላል። ይህ ኃጢአቱ አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ጥያቄው ይህን ተፈጥሮ የማያውቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ለዚህ የሌሎች አገሮች መልስ አለ።

በካሊፎርኒያ በሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ፣ እንደ ሳነቲ ያሉ ዓሣ የማያውቁ በርካታ ሐይቆች ነበሩ። «ባዶ ናቸው» ተብለው ለመቶ ዓመት ያህል ትራውት ተጨመረባቸው፤ መጀመሪያ በበቅሎ ጭነት፣ በኋላም በአውሮፕላን። በየሐይቁ ዳር እስኪረገጡ ድረስ ይበዙ የነበሩት የተራራ እንቁራሪቶች ከአብዛኛው ስፍራ ጠፉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት ከጥቂት ሐይቆች ትራውቱን በመረብ አውጥቶ ያየውን ጻፈ፤ ዓሣው በወጣበት እንቁራሪቱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመልሶ በዛ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር ከየት ይመጣል?

በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ያለው ቲቲካካ ከባሕር ወለል በላይ 3,800 ሜትር ግድም ላይ የተኛ ታላቅ ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ቀስተ ደመናው ትራውት ገባበት። በዚያ ሐይቅ ብቻ ይኖር የነበረ አማንቶ የተባለ ዓሣ ዛሬ የለም፤ ለመጥፋቱም የእንግዳው ዓሣ መምጣት ዋና ምክንያት ተደርጎ ይጠቀሳል። በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተለቀቀው ናይል ፐርች በመቶ የሚቆጠሩ የአገሬው ዓሣ ዝርያዎችን አመናመነ፤ ብዙዎቹንም አጠፋ። ልብ በሉ፤ ይኸው ናይል ፐርች በእኛው በጫሞና በአባያ የቤቱ ልጅ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተላምዶ ኖሯል። በቤቱ በረከት የሆነ ፍጥረት በሰው ቤት መቅሠፍት ሆነ።

ሩቅ አገር አትጥቀስብን የሚለኝ ቢኖር ወደ ጣና እወስደዋለሁ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ በአበባው ውበት ተመርጦ፣ ለጌጥ ተብሎ በዓለም የተበተነ ተክል ነው። ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው እንደ ኖረ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በዚያው ሐይቅ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ የነጭ አሳ ወገኖች፣ በቁጥር 15 የሚደርሱ ዝርያዎች ተፈጥረዋል። በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ እኛ ደግሞ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ዘርግተን እንጠብቃቸዋለን። የራሳችንን ተወላጅ እንዲህ እያራቆትን ስለ መጤው ዓሣ ቅኔ እንዘርፋለን። እኔም ከዘራፊዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ተቃዋሚዬ ዝም እንደማይል አውቃለሁ፤ ክርክሩም የዋዛ አይደለም። «ትራውት በወይብና በዳንካ ከገባ 50 ዓመት አልፎታል። ምን አጠፋ? ማን ሞተ?» ይለኛል። በሙያዬ ልመልስለት። የመነሻ ሒሳቡ ያልተመዘገበለት ደብተር ይዞ የመጣ ሰው «ከዚህ ደብተር አንድ ብር አልጎደለም» ቢለኝ፣ በምን ታምኖ እፈርምለታለሁ? መጀመሪያ ስንት እንደ ነበረ ያልተጻፈ ነገር፣ ስንት እንደ ጎደለ አይታወቅም። ዓሣው ሲለቀቅ እንቁራሪቶቹን የቆጠረ የለም፤ ስም እንኳ ያልነበራቸውን ማን ይቆጥራል? ስለዚህ «ጉዳት አላየንም» ማለት «ጉዳት የለም» ማለት ሊሆን አይችልም።

ሐቁንም አልሸሽግም። በባሌ እንቁራሪቶች ላይ የመጣው መከራ ከትራውት ብቻ ነው አልልም። የደኑ መመናመን አለ፤ የከብቱ ብዛትና የጅረቱ ዳር መረገጥ አለ፤ በመላው ዓለም እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ሻጋታ በሽታም በአገራችን ደጋ ተገኝቷል። የማልኮልም ጉርጥ እንቁላሏን የምትጥለው በእርጥብ መሬት ላይ ስለሆነ ዓሣው በቀላሉ አይደርስባት ይሆናል። ኦስጉድ የሚባለው ሌላው የደጋ ጉርጥ ግን ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተፈልጎ አልታየም። በዚህ ሁሉ መከራ ላይ ሌላ አፍ የሚጨምር ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ለታመመ ሰው ገዳዩ የትኛው በሽታ እንደሆነ እስክንለይ ሌላ በሽታ እንጨምርለት ይባላልን?

ሁለተኛው ክርክር የእንጀራ ነው፤ ይህ ይበልጥ ይከብደኛል። ዲግሪ ይዘው ሥራ ያጡ ልጆች በመስኮቴ ፊት ሲቆሙ አያለሁ። ድህነትን በእንቁራሪት ስም አልንቅም። ነገር ግን ወንድሜ ሆይ፣ ሒሳብህን እንደገና ሥራ። እንግዳ ከቤቱ የሚወጣው በቤቱ የሌለውን ፍለጋ ነው። ስኮትላንዳዊው ትራውት አለው፤ አሜሪካዊው አለው፤ ኬንያም ድረስ ሄዶ ያጠምደዋል። በቤቱ የሌለው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት 500 ገደማ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት በእነዚህ ተራሮች ላይ ናቸው። በቤቱ የሌለው ግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ናት፤ ያቺ ሦስት ሴንቲ ሜትር የማትሞላ እንቁራሪት ናት። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፓርኩን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለትራውቱ ብሎ አይደለም። በሌላ ስፍራ የማይገኙ ፍጥረታት ስላሉበት ነው። አንተ ልትሸጠው ያሰብከው በየአገሩ የሚገኘውን ዕቃ፣ ልታጠፋው የተቃረብከው ደግሞ በአንተ ሱቅ ብቻ የሚገኘውን ነው። እንዲህ የሚነግድ ነጋዴ ይከስራል።

ዓሣ ከወደድክ ዓሣው አለልህ። ወይብ ውስጥ አለ፤ ዳንካ ውስጥ አለ። ከዚያ ፈጽሞ ይውጣ ብዬ አልከራከርም፤ 50 ዓመት የተዋለደን ዓሣ ከወንዝ ሙሉ በሙሉ ማውጣት የሚቻል አይመስለኝም። ግን አጥምደው! በፈቃድና በሥርዓት አጥምደው፤ ለሮቤና ለጎባ ሆቴሎች ሽጠው፤ እንግዳም ካለ ዘንጉን አከራየው፣ መንገዱን ምራው። ይህ ዓሣ ለሌላ ሰው ጨዋታ ብሎ ከመጣ ወዲህ የአገሬው ልጅ ከእርሱ ያገኘው ምን ነበር? አንዳንዱ «ቁርጡሚ ምግብ ነው?» ብሎ ይጸየፈዋል፤ አንዳንዱ በጾም ይብላው አይብላው ይከራከራል። እኔ እላለሁ፤ የወደደ ይብላው፤ በበላነው ቁጥር ለጅረቱም ለኪሳችንም እናግዛለን። ወደ ላይ ተሸክሞ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

እነሆ ሌላም ነገር። ትራውትን ከልቡ የሚወድ ሰው ከሁሉ በፊት ሊቆረቆርለት የሚገባው ውኃው ነው። በዚህ በበልግ ሻያን ሄዳችሁ እዩት፤ የቡና አተላ መስሎ ይወርዳል። ያ ቀለም ከታረሰ ቁልቁለት፣ ከተጋጠ ሜዳና ዛፍ ከሌለው የወንዝ ዳር የታጠበ አፈር ነው። ደለል በጠጠሩ መካከል ሲሞላ የዓሣውም እንቁላል ይታፈናል፤ የነፍሳቱም ቤት ይደፈናል። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሣ ውኃ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ከ12 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ይጠብቀዋል። ወይብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ቆላውን አቋርጦ ከገናሌ ጋር ለመገናኘት የሚወርደው ለሌሎች ሕይወት ሆኖ ነው። የወንዙን ዳር ሳይጠብቁ በወንዙ ውስጥ ዓሣ መጨመር ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት አዲስ ምንጣፍ እንደ መግዛት ያለ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ወደ ሳነቲ ኩሬዎች፣ ከፏፏቴ በላይ ወዳሉ ጅረቶች፣ ወደ ሐረና ደን ምንጮች አንዲት የትራውት ጫጩት አትውጣ። ፏፏቴ የተፈጥሮ በር ነው፤ ዓሣ በራሱ የማይዘለውን በር በጀሪካን የሚያሻግረው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጀሪካን ለመሸከም አንድ ጎበዝና አንድ ማለዳ ይበቃሉ። የገባውን ለማውጣት ግን፣ ሴራ ኔቫዳ ላይ እንደታየው፣ ዓመታት የሚፈጅ ድካም ይጠይቃል። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ የሆነ ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል፤ ይህን ብድር የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ያ ወጣት ሻይ ቤት ሲመጣ ዝም አልልም። ከተስማማ አንድ ቅዳሜ አብረን ሳነቲ እንወጣለን፤ ጀሪካን ሳንይዝ። ከአንዱ ኩሬ ዳር ቁጭ ብለን ያየነውን ሁሉ በወረቀት እንጽፋለን። ያቺ ወረቀት ከ50 ዓመት በፊት ጎድላ የቀረችው የመነሻ ሒሳብ መጀመሪያ ትሆናለች። ለጎባው ግጥሜ ደግሞ ይህን ማረሚያ ጨምሬያለሁ፤

ባዶ ነው አትበለኝ፣ ጎንበስ ብለህ ሳታይ፤
ስሟን ያልጻፍንላት ነፍስ አለች ውኃው ላይ።
ዓሣ የለም ብለን ዓሣ አናበድረው፤
የራሱ ተቀማጭ ከጠጠሩ ሥር ነው።

ቸር ይግጠመን።